የወይራው ምንጭ ጠባቂ የአቶ ደምለው ገላው የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምለው ገላው ከአባታቸው ከአቶ ገላው ስማቸው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውበቴ በላቸው ጥር 13 ቀን 1905 ዓ.ም. ከቢቸና ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኘው ዋርካ ሜዳ በምትባል መንደር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ ክርስቶስ ነው። ይህን ቀን የነገሩን እናታቸው ናቸው። ኋላ በተቀጠሩበት የውኃ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ካርድ ላይ የተጻፈው ግን በሰባት ዓመት የተሳሳተ ነው። አቶ ደምለው እንዲታረምላቸው ሁለት ጊዜ አመልክተው ነበር፤ የሚያርመው አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ እኛ አርመነዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊትም ደገሙ። የኔታ አንድ ነገር አጥብቀው ያስተምሩ ነበር ይባላል፤ ጸሎት የሚያጣድፍ ተማሪ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የሚያንቀላፋም እንዲሁ። አቶ ደምለው ይህን ትምህርት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። ሲደግሙ የሰማ ሁሉ ያውቃል፤ በሠርግም ሆነ በለቅሶ፣ በጥጋብም ሆነ በጾም፣ አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ከሌላው አይረዝምም፤ አያጥርም። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ኋላ ለመጣው ጉድ ምክንያት ስለሆነ ነው።

አባታቸው በ1920 ዓ.ም. ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ግንበኝነት ያዙ። በቢቸናና በአካባቢዋ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የጎተራ መሠረትና የድልድይ ግንብ ሠርተዋል። በ1934 ዓ.ም. ከወይዘሮ አገሬ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ በላቸው፣ ስሜነሽና ደስታነሽ የሚባሉ ሦስት ልጆችም አፈሩ። ሦስቱንም አስተምረዋል። ሁለቱ ሴቶች ከተማሪ ቤት እንዳይቀሩ ሲሉ ከዘመድ ጋር የተጣሉበት ጊዜም ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የውኃ መሥሪያ ቤቱ ቢቸና ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአቶ ደምለው ስም ጎን እንዲታተም ግን ቤተሰቡ አልፈለገም። አቶ ደምለው በመጀመሪያ የቧንቧ ቦይ ቆፋሪ ሆነው ተቀጠሩ። ግንብ እንደሚያውቁ ሲታይ ምንጭ ማጎልበት ተማሩ። የምንጩን ዓይን ማጥራት፣ ዙሪያውን መገንባት፣ ውኃው ሳይደፈርስ ወደ ቧንቧ እንዲገባ ማድረግ በሁለት ዓመት ውስጥ ከቢቸና እስከ የጥኖራ ድረስ የሚታወቁበት ሙያ ሆነ።

በ1952 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛወሩና ከከተማው በላይ ከትልቁ ወይራ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ አጎለበቱ። የግንቡን ድንጋይ አንድ በአንድ የጠረቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ውኃው ወርዶ በአራት ቦኖዎች ተከፈለ፤ አንዱ በገበያው፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ አንዱ በእስላም ሰፈር፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ አጠገብ። የሞጣ ሴቶች ወንዝ ወርደው ሽቅብ እንስራ መሸከም የተዉት ያን ጊዜ ነው። አቶ ደምለውም የምንጩ ጠባቂ ተብለው ተሾሙ፤ ከምንጩ ትይዩ ቤት ሠርተው ቤተሰባቸውን አመጡ።

ጠባቂ ሲባል በትር ይዞ የሚቀመጥ ለሚመስለው ሰው ሥራቸውን ላስረዳ። ማለዳ ይከፍታሉ፤ ማታ ይዘጋሉ። የገባውን ቅጠልና ደለል ያወጣሉ። ቦኖ ላይ የተጣላ ያስታርቃሉ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ደግሞ የምንጩን መጠን ይለካሉ። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ማንም የለም። ውኃው በበጋ ስንት እንደሚቀንስ ካላወቅሁ ለሕዝቡ እንዴት አከፋፍላለሁ ብለው በራሳቸው ፈቃድ የጀመሩት ነው።

የእጅ ሰዓት አልነበራቸውም። በየኔታ ሥርዓት ለኩ። እንስራ ከቧንቧው አፍ ሥር ያስቀምጡና አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ፤ እንስራው እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንደደገሙ ይቆጥራሉ። በመስከረም አንድ ጊዜ ሲደግሙ ይሞላል፤ በመጋቢት ሁለት ጊዜ። አንድ ሰው ቆጥሮ አይበቃም ብለው ደግሞ በሞጣ ገበያ የጨርቅ ነጋዴ የሆኑትን ወዳጃቸውን አቶ ሰይድ አብዱልዋሂድን ምስክር አደረጉ። አቶ ሰይድ በበኩላቸው የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሓን ይቀራሉ። የአንዱ አቡነ ዘበሰማያት ሲያልቅ የሌላው ሁለተኛ ፋቲሓ ያልቃል። ሁለቱም ቁጥር በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋል። ያልተስማማ እንደሆነ እንስራው ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል።

አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ሳይስማማ ቀርቶ አቶ ሰይድ፣ «ደምለው፣ ዛሬስ ሮጥህ፤ ጾሙ ጠንቶብሃል መሰል» ቢሏቸው፣ «አንተ ነህ እንጂ ያንቀላፋኸው» ብለው ተቆጡ። ሦስት ጊዜ ለክተው ሲስማማ ነው የታረቁት። እንዲህ እየተናቆሩ ከ1952 እስከ 1962 ዓ.ም. አንድም ወር አላለፋቸውም። መዝገቡ ዛሬም በቤታችን አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣና ይይ።

በ1959 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ አንድ የታተመ ቅጽ መጣ። የምንጩ መጠን በሰከንድ በሊትር ይሞላ ይላል። አቶ ደምለው ሊትሩን ባያውቁትም የሚያውቁትን ሳይደብቁ «በመጋቢት ሁለት አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ እንስራ» ብለው ጻፉ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ቢቸና ድረስ አስጠሯቸውና በሠራተኛ ሁሉ ፊት፣ «ሊትር ስጠኝ አልሁህ እንጂ ጸሎት ድገምልኝ አልሁህ?» ብለው ቅጹን ቀደዱት። ቢሮው ሳቀ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። አንተ ተብለው፣ ጸሎታቸው መሳቂያ ሆኖ ቆመው፣ «ጌታዬ፣ ሰዓት ይስጡኝና በሰዓት እለካለሁ» ብቻ አሉ።

ሰዓቱን በጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። የመጨረሻው መልስ፣ የእጅ ሰዓት ለጥበቃ ሠራተኛ አይፈቀድም የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ቅጹ ሲመጣ፣ ያላወቁትን መዋሸት ስለማይሆንላቸው፣ ያቺን የሊትር ቦታ ባዶ እየተዉ ላኩት። ሌላውን ሁሉ ሞልተዋል። የቦኖውን ቁጥር፣ የቧንቧውን ርዝመት፣ የተሰነጠቀውን፣ የተጠገነውን ሁሉ ጽፈዋል። ባዶ የነበረችው አንዲት ቦታ ናት።

ያቺ ባዶ ቦታ በዋናው መሥሪያ ቤት በአንድ ጸሐፊ እጅ ዜሮ ሆነች። ዜሮዋን ያየ ሌላ ሰው ደግሞ «ደርቋል» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊውን አናውቀውም፤ ሌላውንም አናውቀውም። አንዳቸውም ሞጣን አያውቋትም። ጥር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ለአቶ ደምለው በመኪና የመጣው ደብዳቤ፣ የወይራው ምንጭ በመድረቁ የጠባቂው የሥራ መደብ የተሰረዘ መሆኑን ያስታውቃል። ደብዳቤውን ያመጣው ሾፌር ከቦኖው ውኃ ጠጥቶ፣ የመኪናውንም ራዲያተር ሞልቶ ነው የተመለሰው። ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

በወሩ ቧንቧው ከምንጩ ተነቀለና ከወንዙ ዳር ከተቆፈረው ጉድጓድ ጋር በሞተር ተያያዘ። የምንጩ ግንብ በር በጓጉንቸር ተዘጋ። ለደረቀ ምንጭ ጓጉንቸር ምን እንደሚያደርግለት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፤ ከሥራ ያባረሯቸውን ሰው የጓጉንቸሩ ተረካቢ ናቸው ብለው አስፈረሟቸው፤ መክፈቻውን ግን ቢቸና ወሰዱት። ጓጉንቸሩ ቢሰበር በመንግሥት ንብረት አጥፊነት ሊጠየቁ። የምንጩን ጥበቃ ነጥቀው የጓጉንቸሩን ጥበቃ ሰጧቸው። አቶ ደምለውም ፈረሙ። ውኃው ከተዘጋው በር ሥር እየሾለከ፣ እንስራ በማይቀመጥበት ቋጥኝ ላይ ወደ ገደሉ ሲፈስ አራት ዓመት ከደጃቸው ቁጭ ብለው አዩት።

በ1963 ዓ.ም. በሞጣ ትምህርት ቤት መምህርት የሆነችው ልጃቸው ስሜነሽ የእጅ ሰዓት ገዝታ አመጣችላቸው። አባትና ልጅ ቁጭ ብለው አንዱን አቡነ ዘበሰማያት ለኩት፤ አርባ ሰከንድ ሆነ። ሃያ ጊዜ ቢለኩት ሃያውንም ጊዜ አርባ። እንስራው ሃያ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ የመጋቢቱ ውኃ፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚያንሰው፣ በሰማንያ ሰከንድ ሃያ ሊትር ነበር። በቀን ከሺህ እንስራ በላይ ማለት ነው። የአሥሩን ዓመት መዝገብ በሙሉ በዚሁ ስሌት ወደ ሊትር ለውጠው፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው፣ አቶ ሰይድም ፈርመውበት ላኩት። አቶ ደምለው እንደዚያን ሳምንት ደስ ብሏቸው አይተናቸው አናውቅም። መልሱ ከስምንት ወር በኋላ መጣ። ምንጩ በመዝገባችን የደረቀ ስለሆነ የቀረበው ልኬት ተቀባይነት የለውም ይላል።

አንድ ሰው ምንጩን ሳያይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዴት ይጽፋል? ተነሥቶ መጥቶ ማየት እንዴት አቃተው? ከቢቸና ሞጣ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም።

በዚህ ዓመት በጥር ወር ሞተሩ ቆመ። መለዋወጫው ታዟል ተባለ። ቦኖዎቹ ደረቁ፤ ሞጣም ወደ ወንዟ ተመለሰች። ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ውኃ እንደገና በእንስራ ተቀዳ። በየካቲት ሕፃናት መታመም ጀመሩ። አቶ ደምለው በስድሳ አንድ ዓመታቸው በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ቢቸና ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንጩን ለመክፈት የሚፈቅድ ደብዳቤ። ቧንቧ አልጠየቁም። ሥራቸው እንዲመለስላቸውም አልጠየቁም። በሦስተኛው ጉዞ ኃላፊው ሳያስቀምጧቸው፣ «አቶ ደምለው፣ የደረቀ ምንጭ ክፈቱ ብዬ ብጽፍ እብድ አልባልም?» አሏቸው። «ጌታዬ፣ ይምጡና ይዩት እንጂ» ቢሉ፣ «በወረቀት ደርቋል፤ ወረቀቱን ማን ያርመው?» ተባሉ።

የሰፈሩ ሰው ጓጉንቸሩን እንስበረው አለ። እንቢ አሉ። ወይዘሮ አገሬ፣ «ይስበሩትና ወህኒ ይውረዱ፤ ስንቁን እኔ አመላልሳለሁ» ብለው ለመኗቸው። «ፈርሜያለሁ አገሬ፤ የፈረምሁትን በምን አፌ እክዳለሁ? የዘጋው መንግሥት ነው፤ እሱው ይክፈተው» አሉ። ልጆቻቸው በዚህ ተናደንባቸዋል። ዛሬም ተናደናል። ለማያከብራቸው መሥሪያ ቤት ቃላቸውን ሲያከብሩ ማየት ለእኛ እጅግ ከባድ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ወንዝ ሲወርድ እሳቸውም ከወንዙ የመጣውን ጠጡ፤ ከደጃቸው ከሚፈሰው አንድ ጣሳ እንኳ አልቀዱም። የመንግሥት ነው አሉ።

መጋቢት 26 ቀን ትኩሳት ያዛቸው። የሁዳዴን ጾም ታመው ጨረሱ። ወደ ክሊኒክ ሲወሰዱ የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ከወንዝ ውኃ የሚመጣ ተስቦ መሆኑን ነግሮን መድኃኒት ሰጠ። ንጹሕ ውኃ አጠጧቸው ብሎም አዘዘን። የምንጩን አልጠጣም ስላሉ ወይዘሮ አገሬ የወንዙን ውኃ እያፈሉ አጠጧቸው፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከተኙበት አልጋ በበሩ በኩል ምንጩ ይታያል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትኩሳቱ ሲያይልባቸው አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። አልተጣደፉም። ሚያዝያ 16 ቀን 1966 ዓ.ም. ረቡዕ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ደብዳቤውን እንደጠበቁ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ከቢቸና የሐዘን መግለጫ ደረሰን። እንዲህ ይላል፤ «የደረቀው የወይራ ምንጭ ጠባቂ በነበሩት በአቶ ደምለው ገላው ሞት መሥሪያ ቤቱ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።» ደብዳቤውን ያመጡት መልእክተኛ ለቀብሩ ቆይተዋል፤ መካከላችን ናቸው። እንግዲህ ይስሙ።

አስከሬናቸውን የምናጥብበት ውኃ በቤታችን አልነበረም። የወንዙን ውኃ፣ የገደላቸውን ውኃ፣ በሰውነታቸው ላይ አላፈስም አልሁ። የግንብ መዶሻቸውን ከጣሪያው ሥር አወረድሁ። አቶ ሰይድ እንስራ ይዘው ተከተሉኝ። ጓጉንቸሩ በሦስተኛው ምት ተሰበረ። የሰበርሁት እኔ ልጃቸው ስሜነሽ ደምለው ነኝ፤ ይህንንም ታሪክ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ተረካቢው በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ጠብቀዋል። እኔ ግን የፈረምሁት ነገር የለም። የሚጠይቀኝ ካለ ከትምህርት ቤት አላመልጥም።

እንስራውን አስቀመጥንና ለካን። እኔ አቡነ ዘበሰማያት፣ አቶ ሰይድ ፋቲሓ። የእኔ ሁለተኛው ሳያልቅ እንስራው ሞልቶ ፈሰሰ። አቶ ሰይድ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት። በመዝገቡ ላይ ሁለታችንም ፈርመን ጽፈነዋል፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1966 ዓ.ም.። አቶ ደምለው ገላው በዚህ ደርቋል በተባለ ውኃ ታጥበው ተገንዘዋል። ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ስትገቡ እጃችሁን የምትታጠቡትም በዚሁ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ሞጣ እንስራዋን ይዛ ትምጣ። መልእክተኛው ሲመለሱ ሰባራውን ጓጉንቸር ይወስዳሉ፤ በወረቀት ጠቅልዬ አዘጋጅቼዋለሁ። ርክክቡን ይፈርሙልኛል።

አቶ ደምለው ገላው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አገሬ፣ በቢቸና ነዋሪ ከሆነው ከልጃቸው ከበላቸው፣ በአማኑኤል ከተማ ከምትኖረው ከደስታነሽና ከእኔ ሌላ አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል። እህታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ገላው፣ ወንድም ያህል የሆኑላቸው አቶ ሰይድ አብዱልዋሂድና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳብሪያ ከእኛ ጋር ሐዘን ተቀምጠዋል። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ አብራችሁን ላዘናችሁ ሁሉ ቤተሰቡ እግዚአብሔር ይስጥልን ይላል።

የተጠማን ያጠጡትን አባታችንን፣ እሳቸውን ከጥም ያልጠበቃቸው ዓለም ስላለፈ፣ አምላካቸው በማየ ዕረፍት ዘንድ ያኑርልን። ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሁን እያንዳንዳችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላቸው፤ የእስላም ወገኖቻችንም ሁለት ፋቲሓ ቅሩላቸው። እባካችሁ አትጣደፉ። አርባ ሰከንድ ነው።